ከማሽላው ዳር የቆመው ሰው

ቆቦ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሸረፈዲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም። አንተ፣ ሚስትህ ሰልዋ፣ ልጆቹም እንዴት ከረማችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው ያመኛል፣ ሙቀቱ ያው ነው፣ ፍየሎቹም ያው አይጠግቡም። የቆቦ ስልክ ከተቋረጠ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ሹፌሩ ካሳ «ከሽንኩርቱ ጋር ደብዳቤም እጭናለሁ» ባይለን ኖሮ መሞት መዳኔንም አታውቅም ነበር። ወረቀቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ቢልህ በእሱ ፍረድ።

«ፊደልሽ ሁሉ የተወላገደው ምን ሆነሽ ነው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ብርድ ነው ብዬ ላልፍህ ነበር፤ ቆቦ ላይ በዚህ ወቅት ብርድ ብል ማን ያምነኛል? እውነቱን ልንገርህ። ከጓሮዬ፣ ከማሽላው ዳር፣ አንድ ሰው እየመጣ ይቆማል።

መጀመሪያ ያየሁት ሱብሒ ሰግጄ ፍየሎቹን ልፈታ ስወጣ ነው። ፎጣ ተከናንቧል፤ ቀጭን ነው፤ አንድ እግሩን ይጎትታል። ዝም ብሎ በሬን ያያል። «ማነህ?» ስለው ማሽላው ውስጥ ገባ። ማሽላው ዘንድሮ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ አንዴ ከገባበት አይገኝም። ከዚያ ወዲህ አራት ቀን አይቼዋለሁ፤ ሦስቱን ጠዋት፣ አንዱን ለመግሪብ ጥቂት ሲቀር። ጎረቤቴ አላምረው «ወፍ ጠባቂ ይሆናል» አለኝ። ማሳው የኔ፣ የሚያርሰው እሱ። ወፍ ጠባቂ ብንቀጥር ሁለታችንም አናውቅም ነበር?

ፈርቻለሁ ሸረፍ። ልጄ ከሄደ ወዲህ እዚህ ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህን ደግሞ ያ ሰውዬ ሳያውቀው አይቀርም። አንተ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው እህል መጋዘን ስትጠብቅ የኖርክ ዘበኛ ነህ። እስቲ አሁን ደግሞ እህትህን ጠብቃት። ምን ላድርግ?

ሙንተሲርስ ደወለልህ ወይ? «እማ፣ ዛሬ ባሕሩን እንሻገራለን» ካለኝ ሰባት ወር ሆነው። ሰውዲ የገቡ ልጆች ተደብቀው ስለሚሠሩ ቶሎ አይደውሉም ይላሉ። ቢሆንም እዚህ ስልክ እንደጠፋ ከሰማ የሚደውለው ላንተ ነው። የደወለ ዕለት ካሳን ከእንቅልፉ ቀስቅሰህም ቢሆን ላክልኝ።

እህትህ ኡሙልኸይር

•

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ ለኡሙልኸይር፤

ወዐለይኩም ሰላም ወረሕመቱላህ። እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤሽን ለሰልዋ ሳነብላት እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። አምስት ጊዜ አይተሽው ነው አሁን የምትነግሪኝ? ያውም እኔ የፊደልሽን መወላገድ አይቼ ባልጠይቅሽ ልትተዪው ነበር! ልጅ ሳለሁ ጊንጥ ነድፎሽ ለእናታችን «እሾህ ነው» ያልሽው አይረሳኝም።

አሁን እንደ ታናሽ ወንድም ሳይሆን እንደ ዘበኛ ልናገር፤ እየሳቅሽም ቢሆን አድርጊው። ቤት የሚያጠና ሰው የሚያጠናው የባለቤቱን ልማድ ነው፤ ስለዚህ ልማድሽን አበላሺበት። ፍየሎቹን አንድ ቀን ቀደም ብለሽ፣ አንድ ቀን ዘግይተሽ ፍቺ። «ማነህ?» እያልሽ መውጣት እንዳይደገም። ካየሽው ከውስጥ ሆነሽ በጩኸት ጎረቤት ጥሪ እንጂ በሩን አትክፈቺ። በመወርወሪያ ዝጊና ደግሞ ዕቃ አስደግፊበት። አምፖሉን ከውጭ አድርጊው፤ አንቺ እንድታይው፣ እሱ እንዳያይሽ። የአጥሩ ቁልቋል የሳሳበት ቦታ ላይ ሽቦ ወጥረሽ ባዶ ጣሳ አንጠልጥይ። የሙንተሲርንም ጫማ ደጃፍ ላይ አስቀምጪ፤ ወንድ ያለበት ቤት ይምሰል።

ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ የሰው አፍ ነው። ለባለሱቁ ለዒምራን፣ ለመስጊዱም ሰዎች ንገሪ፤ የማያውቁት ሰው ስላንቺ ከጠየቃቸው «እንዲህ የምትባል ሴት አናውቅም» ይበሉት። ይህን ነገር ችላ እንዳትዪው አደራ።

ሙንተሲር እስካሁን አልደወለም። ስልኬን ሽንት ቤት ስገባ እንኳ ይዤው ነው የምገባው፤ ሰልዋ መሳቂያ አድርጋኛለች። ይደውላል ኢንሻአላህ።

ወንድምሽ ሸረፈዲን

•

ቆቦ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመጋዘኑ ጄኔራል ለወንድሜ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ትእዛዝህ ሁሉ ተፈጽሟል፤ ማዕረግ ብትጨምርልኝ አልጠላም። ጣሳዎቹ በተሰቀሉ ዕለት ገና ሳይመሽ ተንኳኩና ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ጥቁሯ ፍየል ናት። አሁንማ ስለለመደችው እየሄደች ሆን ብላ ታንኳኳዋለች።

ጫማውንም አወጣሁት። አቧራውን ጠርጌ፣ ክሩን አስተካክዬ ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩት። ሳስቀምጠው ትንሽ አለቀስኩ፤ ለሰልዋ እንዳትነግርብኝ። ግን ሠራ! በማግስቱ በበሩ ቀዳዳ ሳጮልቅ ሰውዬው መጣ፤ ጫማውን አየ፤ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ወደ ኋላው ተመለሰ። በዚያ እግሩ ሊሮጥ ሁሉ ሞከረ። ወንድሜ በእውነት ዘበኛ ነው ብዬ ለቆንጅት ስነግራት ዋልኩ። ቆንጅት ማን ናት ካልክ የአላምረው ሚስት ናት፤ ሠርጋቸው ላይ አንተም ነበርክ።

ሁለት ቀን ጠፋ። ትናንት ግን ዒምራን ሱቁን ዘግቶ መጣ። ፎጣ የተከናነበ፣ እግሩን የሚጎትት ሰው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ምን እንዳለው ልንገርህ፦ «ኡሙልኸይር ከምትባለው ሴት ጎን ማን ማን ይኖራል? ትልቅ ሰው፣ ሽማግሌ አለ ወይ?» ዒምራን እንደመከርከው «አላውቃትም» አለው። መስጊድም ሄዶ ይህንኑ ጠይቆ ይህንኑ መልስ አግኝቷል። ቤቴን ያውቀዋል፤ የሚያጣራው ጎረቤቶቼን ነው። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እህል አልወርድልህ አለኝ።

አላምረው ደግሞ «እትዬ፣ ማሽላው ሳይታጨድ አንድ ጠዋት ማማው ላይ ወጥቼ ልጠብቀው። ክላሼ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ምን ትሠራለች?» ይላል። ወንድሜን ሳልጠይቅ አይሆንም ብዬዋለሁ።

የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ሌባ ለምን ጠዋት ጠዋት ይመጣል?

የልጄን ነገር አደራ።

ኡሙልኸይር

•

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ፤

እንደምን አለሽልኝ? ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጎረቤት የሚያጣራ ሌባ ተራ ሌባ አይደለም። «ከጎኗ ማን አለ?» ማለት «ብትጮህ ማን ይደርስላታል?» ማለት ነው። ጫማውን አይቶ መሸሹ ደግሞ ወንድ መኖሩን እንደፈራ ያሳያል። ጠዋት የሚመጣው ለምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም። እውነቱን ልንገርሽ፣ በሥራ ዘመኔ ጠዋት የሚመጣ ሌባ አላየሁም። ምናልባት ሰው ሁሉ ለሶላት የሚወጣበትን ሰዓት ይዞ ይሆናል።

ለአላምረው ይጠብቀው በይው። መጀመሪያ «ቁም» ይበለው። ካልቆመ ግን እጁን አይሰብስብ፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ። ይህን ስጽፍ እጄ ከበደኝ፤ ቢሆንም የእናትና የአባቴ ምትክ አንቺ ነሽ። ለአንድ ቀማኛ ብዬ አንቺን አላጣም።

ስለ ሙንተሲር ለጠየቅሽኝ፣ ጅዳ ያለውን የሰልዋን አጎት ልጅ እንዲያጠያይቅ አድርጌዋለሁ። እስካሁን ስሙን የሰማ አልተገኘም። አልተገኘም ማለት ክፉ ማለት አይደለም።

ሸረፈዲን

•

ቆቦ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ፤

ካሳ ሞተሩን ሳያጠፋ ስለሚጠብቀኝ አጭር ነው። የፊታችን እሑድ አላምረው ማማው ላይ ይሆናል፤ ሰኞ አጨዳ እንጀምራለን። ማሽላው ከተነሳ ሰውዬው መደበቂያ ስለሌለው ከዚያ በፊት አንድ ነገር ማድረጉ አይቀርም ይላል አላምረው።

በአንድ በኩል ይገላግለኝ እላለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ በኔ ምክንያት ደም ይፈሳል ብዬ እንቅልፍ የለኝም። ያ ሰውዬ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚያድር አስባለሁ፤ እብድ ሆኛለሁ አይደል? ትናንት ጠዋት ደግሞ ሳየው ከስቶ ነበር።

አላህ ሁላችንንም ይጠብቀን።

ኡሙልኸይር

•

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

እታለም፤

ሰላምታውን በኋላ። አላምረው እንዳይተኩስ! ያልኩትን ሁሉ ትቼዋለሁ፤ ተሳስቻለሁ። ያን ልጅ ማንም እንዳይነካው። ካሳ ደብዳቤሽን ያደረሰኝ ዛሬ ጠዋት ነው፤ ዛሬውኑ እንዲመለስ ለምኜዋለሁ። እሑድ ካለፈም፣ ያ ረቢ፣ ምንም እንዳይሆን አድርገህ አቆይልኝ እያልኩ ነው።

ምክንያቱን አትጠይቂኝ። በሩን እንደዘጋሽው ቆዪ፤ ግን አትፍሪ። እህል ብዪ። ቆንጅት እያደረች ታጫውትሽ።

ሸረፈዲን

•

ቆቦ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሸረፈዲን፤

ሰላም ላንተና ለቤተሰብህ። ደብዳቤህ የደረሰው ከእሑድ በኋላ ነው። ደንግጠህ እንዳትቆይ አስቀድሜ ልንገርህ፤ የሞተ የለም።

እሑድ ሱብሒ ሰግጄ ሳልነሳ የአላምረውን ድምፅ ሰማሁ። «ቁም!» አለ። ሰውዬው ወደ ቤቴ አንድ እርምጃ ሲራመድ አላምረው ወደ ሰማይ ተኮሰ። እኔ መወርወሪያውን በሁለት እጄ ይዤ ተንበረከክሁ። በኋላ በቀዳዳው ሳይ ሰውዬው አልሮጠም። ብዙ መንገድ እንደመጣ ሰው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ፎጣውን ፊቱ ላይ ጣለ። አላምረው መሣሪያውን ደቅኖ ቀረበው። ተነጋገሩ፤ ቆየት ብለው ተነጋገሩ። ከዚያ አላምረው ክላሹን መሬት ላይ አስቀመጠና አጠገቡ ተቀመጠ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ መጥቶ «ሌባ አይደለም እትዬ፣ መንገድ የጠፋበት ነው» አለኝ። ይህን ሲለኝ የሚያየው ፍየሎቹን ነበር።

ከእሑድ ወዲህ ሰው ሁሉ ደግ ሆኖብኛል። አላምረው አጨዳውን ትቶ ሳልጠይቀው እንጨት ፈልጦ ከመረልኝ። ቆንጅት ከልጇ ጋር እኔ ዘንድ ታድራለች፤ ሌሊት ስገላበጥ ቀድማኝ ነቅታ አገኛታለሁ። ዒምራን ስኳሬን ተሸክሞ ቤት ድረስ አደረሰኝ። ሼኩ በራሳቸው እግር መጥተው «እንዴት ነሽ ልጄ?» ብለው ዱዓ አድርገውልኝ ሄዱ፤ ሼኩ ሰው ቤት የሚሄዱ ሰው እንዳልሆኑ አንተም ታውቃለህ። ካሳ እንኳ ደብዳቤህን ሲሰጠኝ አንድም ቀልድ አልወጣውም። ውሃ ስሰጠው ሳይጠጣ አመስግኖኝ ሄደ።

በደብዳቤህ «ያን ልጅ» ብለሃል። እኔ የጻፍኩልህ ሁልጊዜ ስለ አንድ ሰውዬ ነው። ፊቱን አይቼው ስለማላውቅ ልጅ ይሁን ሽማግሌ አልነገርኩህም። ልጅ መሆኑን ማን ነገረህ?

ስለ ሙንተሲርም አንድ ቃል አላነሳህም። ይኸው እኔም በዚህኛው አልጠየቅሁህም።

ኡሙልኸይር

•

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ ለኡሙልኸይር፤

አልሐምዱሊላህ፣ የሞተ የለም የሚለውን ሳነብ ሰልዋ እስክትደነግጥ ድረስ ጮህኩ።

ልጅ ያልኩት እንዲሁ በአፌ መጥቶ ነው። እግሩን ይጎትታል ስትዪኝ ወጣት መስሎኝ ነው። ሌላ ነገር አትፈልጊበት።

እመጣለሁ። አሥር ቀን ፈቃድ ሰጥተውኛል። ሰልዋም አብራኝ ትመጣለች፤ ልጆቹን ለእናቷ እንተዋለን። አጥሩን ላይልሽ ነው፤ ቁልቋሉም መጠገን አለበት ብለሽኝ ነበር፤ ደግሞም ናፍቀሽኛል። ከወልድያ ወዲህ መንገዱ ተዘግቷል ስለሚሉ ነው እንጂ ዛሬውኑ እነሳ ነበር። ካሳ በየት ዞሮ እንደሚገባ እሱና አላህ ያውቃሉ፤ ሰው አልጭንም ብሎኛል።

እስክመጣ ማንንም አታስገቢ። ሽማግሌም ቢሆን፣ ማንም ቢሆን «ወንድሜ ይምጣ» በዪ። እንደታመምሽ አድርገሽ ተኚ። እኔ ሳልመጣ ምንም አትስሚ እታለም፣ በእናታችን ይሁንብሽ። ብቻሽን አትሁኚብኝ።

ሸረፈዲን

•

ቆቦ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ለወንድሜ ለሸረፈዲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰልዋን ሳምልኝ። አንተ ውሸት አትችልበትም፤ ልጅ ሳለህም አትችልበትም ነበር። አጥር ለማየት ሚስቱን ይዞ የሚመጣ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

የነገረህ ካሳ ነው። ልጁን ከጎብዬ ጋቢና ውስጥ ጭኖ ቆቦ ያደረሰው እሱ ነው፤ ሌባ ያልነው ያው ልጅ መሆኑ የገባው ግን አንተ የማማውን ደብዳቤዬን ስታነብለት ነው፤ ዛሬ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ስጠይቀው መዋሸት አቃተው። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም። ያልጠየቅሁትን ነገር እስካሁን ማንም አልነገረኝም፤ ለዚህም ነው እጄ ብዕር ይዞ የሚጽፍልህ።

ሰው ጠዋት ጠዋት የሚመጣው፣ ትልቅ ሰው የሚያፈላልገው ለምን እንደሆነ እኔና አንተ ሳናውቅ ቀርተን ነው? መርዶ ብቻውን አይገባም። ያ ልጅ በማያውቀው ሰፈር አብረውት ወደ እናት ቤት የሚገቡ ሽማግሌዎችን ነበር የሚለምነው። እኛ ደግሞ የሰፈሩን አፍ ሁሉ ዘጋንበት። ሊገደልብንም ነበር። አልወቅስህም፤ ያደረግከው ለኔ ብለህ ነው፤ ያደረግነውም ሁለታችን ነን።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። «ፍሪ፣ ዝጊ፣ አትውጪ» ስትለኝ ፈርቼ ነበር፤ ግን የምችለው ፍርሃት ነበር። ሌባ ቢገባ ፍየል ይወስዳል፤ ቢከፋ እኔን ይገድላል። «አትፍሪ» ብለህ የጻፍክልኝ ቀን ግን ወረቀቱን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወዲህ በሩን የምዘጋው ለሌላ ነገር ነው። በሩ እስከተዘጋ ድረስ ልጄ ሰውዲ ነው።

«እስክመጣ ማንንም አታስገቢ» ያልከውን አስቤበታለሁ። መንገዱ እስኪከፈት ሳምንትም ይሁን አሥር ቀን፣ ያን ያህል ቀን ልጄን ይዤ መቆየት ነው። ወላሂ ደስ ብሎኝ ነበር።

ትናንት ማታ ግን ቆንጅት አመለጣት። እኔ «ያ መንገደኛ የት ገባ?» ስላት አለቀሰች። ከዚያ እሑድ ጀምሮ እነሱ ቤት ነው ያለው፤ ከአጥሬ ማዶ። ኑሀ ይባላል። ሃያ ዓመቱ ነው። እግሩ ቆስሎ አመርቅዟል። የዋጃ ልጅ ነው፤ ከጅቡቲ ከተመለሰ ወር አልፎታል፤ እናቱ ቤት ግን አልገባም። የያዘውን አደራ እኔ ዘንድ ሳያደርስ በእናቱ ደጅ ደስታ አላስገባም ብሎ ምሏል። ከዚህ ዋጃ በባጃጅ ምን ያህል ነው? ወር ሙሉ በየመናኸሪያው ሲያድር እናቱ መመለሱን አታውቅም። ስልክ የለ፣ ወሬ የለ። እሷም እንደ እኔ ሱብሒ ሰግዳ ደጅ ደጁን ታያለች። እኔ በሬን በዘጋሁ ቁጥር የምዘጋው በእሷም ላይ ነው።

ስለዚህ አላምረውን ጠርቼ «ነገ ከሱብሒ በኋላ እንግዳህን ይዘህ ና። ሼኩንም፣ ዒምራንንም፣ የሰፈሩን ትልልቅ ሰዎችም ጥራ» አልኩት። ያን የሚያህል ሰውዬ ፊቴ ቆሞ አለቀሰ። ቤቱን ጠርጌያለሁ፤ ምንጣፎቹን አራግፌያለሁ፤ ውሃ ሞልቻለሁ። ለልጁ ለብቻው ምግብ ሠርቼ ለቆንጅት ሰጥቻታለሁ። ነገ ሰው ሁሉ እኔን ሲይዝ እሱን የሚያስታውሰው አይኖርም፤ ባዶ ሆዱን እንዳይሄድ።

አንተ መንገዱ ሲከፈት ቀስ ብለህ ና። በመድፈርህ እንዳትሞትብኝ፤ ከዚህ በላይ አልችልም። እዚህ ብቻዬን አይደለሁም፤ ሰው አለኝ። ፊደሌ እንደገና ቢወላገድ እንዳትታዘበው።

የኑሀ እናት ኢኽላስ ትባላለች አሉኝ። ነገ ከቀትር በኋላ አላምረው ዋጃ ድረስ ወስዶ በእጇ ያስረክብልኛል፤ ቃሉን ሰጥቶኛል። ዛሬ መግሪብ ስሰግድ ለእሷም ዱዓ አደረግሁ። ነገ ማታ ልጇ ቤቷ ያድራል።

እህትህ ኡሙልኸይር